ደም ሥር ሲያልቅ፦ የመጀመሪያው መርፌ የት ይግባ?

በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በየቀኑ የሚሰማ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አለ። «ደም ሥሯ ጠፋ።»

ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። ነርሷ ማሰሪያ ካጣች የእጅ ጓንት ክንድ ላይ ታስራለች። «ማዘር፣ እጅዎን ጨበጥ ያድርጉ» ትላለች። በጣቶቿ ቸብ ቸብ ታደርጋለች። አንዴ ትወጋለች፤ ካኑላው አልገባም። ደግማ ትሞክራለች፤ ገባ ሲባል ያብጣል። ሦስተኛው ላይ አስታማሚዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በመጨረሻ «እሱ ደም ሥር ያገኛል» የሚባል አንድ ባለሙያ ከሌላ ክፍል ይጠራል።

ለአንድ ቀን ግሉኮስ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ ረስቶ ቤቱ ይገባል። ለካንሰር ሕክምና የመጣች ሴት ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ትመለሳለች። ከዚያም እንደገና ከሦስት ሳምንት በኋላ። የእሷ ደም ሥር አልጠፋም፤ እያለቀ ነው። የጠፋ ነገር ተፈልጎ ይገኛል። ያለቀ ነገር ግን ተፈልጎ አይገኝም።

መርፌው የት ይግባ የሚለው ጥያቄ ተራ የነርስ ሥራ ይመስላል። ታሪኩን ለተከታተለ ግን በረጅም ሕክምና ውስጥ ካሉ ትልልቅ ውሳኔዎች አንዱ ነው። የመጀመሪያው መርፌ የገባበት ቦታ የመጨረሻው የት እንደሚገባ ይወስናል። አገራችን ይህን ውሳኔ እስካሁን በአመዛኙ ለአጋጣሚ ትታዋለች።

■ ከማውጣት ወደ ማስገባት

ያገራችን ሰው ደም ሥርን ያወቀው በመርፌ አይደለም። ዋግምት ከመርፌ በፊት ነበር። ቆዳው በጣ በጣ ይደረጋል፣ ቀንድ ይደፋበታል፣ አየሩ በአፍ ይመጠጣል፣ ደሙ ይወጣል። አስተሳሰቡ ግልጽ ነው፤ በሽታ ከደም ጋር ይወጣል። በአውሮፓም ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ያደረጉት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ደም ሥር መውጫ በር ነበር።

በሩ መግቢያም ሊሆን እንደሚችል በተግባር ካሳዩት አንዱ ቶማስ ላታ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ኮሌራ በገባበት ጊዜ፣ በተቅማጥና በትውከት ደርቀው ለሞት በተቃረቡ ሰዎች ክንድ ደም ሥር ውስጥ ጨው ያለበት ውሃ አስገባ። አንዲት አሮጊት ከሞት አፋፍ ተመለሱ። ሐኪሙ ከአጠገባቸው ከሄደ በኋላ ግን በሽታው አገረሸ፤ ሴትዮዋም ሞቱ። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ደም ሥሩን አንድ ጊዜ መክፈት በቂ አይደለም፣ መንገዱ ሕክምናው እስኪያልቅ ክፍት መቆየት አለበት።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ የተወሰደው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ጀርመን ውስጥ ኤበርስቫልደ በምትባል ከተማ ቨርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ሐኪም የራሱን ክርን እጥፋት ከፍቶ ለሽንት ቱቦ የተሠራ ቀጭን ላስቲክ በደም ሥሩ ውስጥ ወደ ላይ ገፋ። ላስቲኩ ክንዱ ውስጥ እንዳለ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄደ። ፎቶው የላስቲኩ ጫፍ ልቡ ውስጥ መሆኑን አሳየ። ያኔ እንደ እብድ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1956 ግን ከሁለት አሜሪካ ውስጥ ይሠሩ ከነበሩ ሐኪሞች ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ፎርስማን ያሳየው ነገር ዛሬ ለካንሰር ሕክምና መሠረት ነው። ከእጅ የሚነሱት ትንንሽ ደም ሥሮች ሁሉ መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ልብ አፋፍ ላይ ያለው ታላቁ ደም መልስ። ትንሹን ደም ሥር የሚያቃጥል መድኃኒት ትልቁ ውስጥ ሲገባ በብዙ ደም ወዲያው ይቀጥናል። ስለዚህ መርፌው የት ይግባ የሚለው ጥያቄ ሁለት ሆነ። በየት እንግባ? ጫፉስ የት ይረፍ?

■ ቂርቆስ ውስጥ ያለው ታሪክ

ይህን ጥያቄ ወደ አዲስ አበባ መሐል ማምጣት ያስፈልጋል፤ መልሱ የሚገኘው እዚያ ነውና።

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል የጣሊያን ተቋም ነበር፤ «ካዛ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤት ማለት ነው። ሕዝቡ በአንደበቱ አሳምሮ ካዛንቺስ አላት። ከነፃነት በኋላ በዚያው አካባቢ የአፍሪካ አዳራሽ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት አዳራሽ። ብዙ ታላላቅ ስሞች በዚህ ሰፈር አልፈዋል።

ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ይገኛል። በ1922 ዓ.ም በሞት የተለዩት ንግሥት ዘውዲቱ መታሰቢያ ነው። በሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ሥር ለብዙ ዓመታት ሠርቶ በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት ተዛወረ። ወደ ስታዲየም ስንወርድ ደግሞ ቀይ መስቀልን እናገኛለን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የደም አገልግሎቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ የከተማው ሰው ደም ሥር ሁለት ሥራ ያለው ሆነ፤ መስጠትም መቀበልም።

ዘውዲቱ በቅርቡ ታሪካችን ውስጥ ስሙ ከፍ ብሎ የሚነሳው ግን በኤች አይ ቪ ሕክምና ነው። የዕድሜ ማራዘሚያው መድኃኒት በአገሪቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም ነበር። ዘውዲቱ ብዙ ሕሙማን ከሚከታተሉባቸው ቀዳሚ ሆስፒታሎች አንዱ ሆነ። ወረፋው እየረዘመ ሲሄድ አንድ ነገር ተደረገ፤ ሕክምናው ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። ነርሶች ሠለጠኑ፣ መዝገብ ተዘረጋ፣ ሕሙማን በየሰፈራቸው መድኃኒታቸውን መውሰድ ጀመሩ። ዕድሜ ልክ የሚወስድ ሕክምና በሆስፒታል ግቢ ብቻ ሊያዝ እንደማይችል አገሪቱ ያኔ ተማረች። ይህን ትምህርት አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ ያስፈልጋል።

ኤች አይ ቪ የሚዋጥ መድኃኒት ነበረው። አብዛኛው የካንሰር ሕክምና ግን በደም ሥር ይገባል። የኩላሊት እጥበትም ያለ ደም ሥር አይሆንም። የአሁኑ ችግር ከዚህ ይጀምራል።

■ የአንዲት እናት ሒሳብ

እንበልና ቂርቆስ የምትኖር አንዲት እናት በቀኝ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከብብቷ ሥርም ዕጢዎች ወጡ። ከዚያ በኋላ ቀኝ ክንዷ እንዳያብጥባት በዚያ በኩል ባይወጉሽ ይሻላል ተባለች። ስለዚህ የቀራት ግራ እጇ ብቻ ነው።

የታዘዘላት ኬሞ ስምንት ዙር ነው። በእያንዳንዱ ዙር ቢያንስ ሁለት መርፌ አለ፤ አንዱ ለደም ምርመራ፣ አንዱ ለመድኃኒቱ። ይህ ሁሉም በመጀመሪያ ሙከራ ከተሳካ 16 መርፌ ነው። ሁለት ሁለት ጊዜ እየተሞከረ ከሆነ 32። ሁሉም በአንድ ክንድ ላይ።

መድኃኒቱም እንደ ግሉኮስ አይደለም። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው፣ በቀለሙ ምክንያት ብዙዎች «ቀዩ» የሚሉት፣ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ይበላል። ቁስሉ ለወራት ላይድን ይችላል፤ አንዳንዱም ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ቪንክሪስቲንም እንደዚሁ ነው። ባይፈስ እንኳን ደም ሥሩን ያደርቀዋል፤ ሲነካ እንደ ሲባጎ ይጠነክራል። ለዚህ ነው አራተኛው ወይም አምስተኛው ዙር ላይ «ደም ሥሯ ጠፋ» የሚባለው። ማንም አልሰረቀውም። ተጠቅመንበት ጨረስነው።

ለሕፃናት ደግሞ ሒሳቡ ይከብዳል። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው በዚህ በሽታ ልጃቸውን ባጡ ወላጆች ነው። የሕፃን እጅ ላይ ደም ሥር መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ሰው፣ ልጁ ነጭ ጋዋን ባየ ቁጥር ለምን እንደሚጮህ አይጠይቅም።

■ ከአልጀርስ እስከ ሲያትል

ዓለም ይህን ችግር እንዴት ፈታው?

እ.ኤ.አ. በ1952 በአልጀርስ ይሠራ የነበረ ሮበርት ኦባኒያክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ኮሌታ ከሚያርፍበት አጥንት ሥር የሚያልፈውን ትልቅ ደም ሥር በመርፌ ማግኘት እንደሚቻል ጻፈ። የዚያ ደም ሥር ጥቅሙ በሽተኛው ደሙ ቢያልቅም፣ ሰውነቱ ቢደርቅም እንደ እጅ ደም ሥር አለመጨማደዱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሳንባ ከሥሩ መሆኑ ነው፤ መርፌው ትንሽ ካለፈ ሳንባ ይበሳል።

በዓመቱ ስዊድናዊው ስቨን ሴልዲንገር ቀላልና ታላቅ ዘዴ ይዞ መጣ። መጀመሪያ በመርፌ ይገባል፤ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይሰደዳል፤ መርፌው ይወጣል፤ ቱቦው ሽቦውን ተከትሎ ይገባል። ሰፊ ቀዳዳ መክፈት ቀረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በደም ሥር የሚገቡ ቱቦዎች አብዛኞቹ የሚገቡት በዚህ ዘዴ ነው።

ከዚያ ታሪኩ ወደ አሜሪካዋ ሲያትል ይሻገራል። ቤልዲንግ ስክሪብነር እ.ኤ.አ. በ1960 የኩላሊት ሕሙማን በየሳምንቱ ያለ አዲስ ቀዶ ሕክምና እንዲታጠቡ ክንድ ላይ የሚቀር የቴፍሎን ቱቦ ሠራ። እዚያው ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 ብሮቪያክ፣ በ1979 ደግሞ ሂክማን ከደረት ቆዳ ወጥቶ ለወራት የሚቆይ ቱቦ አስተዋወቁ። ለካንሰር ሕሙማን ትልቅ እፎይታ ነበር። ይሁን እንጂ የቱቦው ጫፍ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ገላ መታጠብ ያስቸግራል፤ በየጊዜው ፋሻ መቀየር አለበት፤ ጀርምም በዚያው ይገባል።

የመጨረሻው ሐሳብ የመጣው ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ኒደርሁበርና ባልደረቦቹ ሙሉ በሙሉ ከቆዳ ሥር የሚቀበር መሣሪያ በካንሰር ሕሙማን ላይ መጠቀማቸውን አሳተሙ። ይህ ነው ፖርት የሚባለው። ትንሽ ከበሮ ነው፤ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ፤ ፊቱ ወፍራም ሲሊኮን። ከከበሮው የሚነሳ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ገብቶ ልብ አፋፍ ላይ ይቆማል። ከውጭ የሚታየው ቆዳ ላይ ትንሽ እብጠት ብቻ ነው። ነርሷ ደም ሥር አትፈልግም፤ በጣቷ ከበሮውን ትዳስሳለች፣ በቆዳው ላይ ትወጋለች። መርፌው ልዩ ነው፤ ሲሊኮኑን እንዳይቦረቡር ጫፉ ጎበጥ ያለ ነው። የዚህ መርፌ ፈልሳፊም ራልፍ ሁበር የተባለ የሲያትል የጥርስ ሐኪም ነበር። በዚህ መርፌ ከተወጋ ሲሊኮኑ ከ1000 ጊዜ በላይ ይችላል።

■ እሺ፣ የት ይቀበር?

ፖርት ተገኘ ማለት ጥያቄው አለቀ ማለት አይደለም። እንዲያውም ይጠነክራል፤ አንዴ ከተቀበረ ለዓመታት ይቆያልና።

ብዙ ሐኪሞች ዛሬ መጀመሪያ የሚያስቡት በቀኝ በኩል ያለውን የአንገት ደም ሥር ነው። ምክንያቱ የመንገዱ ቅርፅ ነው። ከቀኝ አንገት ወደ ልብ የሚወርደው መንገድ ቀጥ ያለ ነው ማለት ይቻላል። በግራ በኩል ግን ቱቦው ደረትን አቋርጦ ሁለት ጊዜ መታጠፍ አለበት፤ ጫፉ ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር ሊታከክ ይችላል። በተጨማሪ የአንገቱ ደም ሥር ከቆዳ ቅርብ ስለሆነ በአልትራሳውንድ በደንብ ይታያል፤ ሐኪሙ መርፌው ሲገባ እያየ ይሠራል።

ከኮሌታው አጥንት ሥር ያለው፣ ኦባኒያክ የጻፈለት መንገድ፣ አሁንም ይሠራበታል። ግን ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው የሳንባው ነው። ሁለተኛው ቱቦው በአጥንቱና በመጀመሪያው ጎድን መካከል እየተጨመቀ ከጊዜ በኋላ ሊበጠስ መቻሉ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ትከሻና ደረት በሚገናኙበት ሸለቆ ውስጥ ያለውን የክንድ ደም ሥር በትንሽ ቀዶ ሕክምና ከፍቶ፣ በዓይን እያዩ ቱቦውን ማስገባት ነው። ሳንባ አይነካም። መርፌውን ለመምራት አልትራሳውንድ አያስፈልግም። አንዳንድ ጊዜ ግን ደም ሥሩ ቀጭን ሆኖ ቱቦውን አይቀበልም። ደረት የማይመች ሲሆን ክንድ ውስጥ የሚቀበር ፖርትም አለ። ላይኛው መንገድ ሁሉ በዕጢ ወይም በረጋ ደም ከተዘጋ ደግሞ በብሽሽት በኩል ይሞከራል፤ እዚያ ግን የኢንፌክሽንና የደም መርጋት ሥጋት ከፍ ይላል።

የትኛው ይበልጣል? በጣሊያኗ ሚላን የሚገኝ አንድ የካንሰር ተቋም ከ400 በላይ ሕሙማንን በዕጣ በሦስት ከፍሎ አወዳደረ፤ ከፊሎቹ በአንገት፣ ከፊሎቹ ከኮሌታ አጥንት ሥር በአልትራሳውንድ፣ ከፊሎቹ በቀዶ ሕክምና በትከሻ በኩል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት ብዙዎችን የሚያስገርም ነበር። በመጀመሪያም ሆነ ቆይቶ በሚመጣው ችግር በሦስቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም።

ይህ ውጤት ለአዲስ አበባ ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ አስማተኛ ቦታ የለም ማለት ነው። ሐኪሙ በደንብ የሠለጠነበት፣ መሣሪያው ያለበት፣ ለዚያች በሽተኛ የሚስማማው ቦታ ነው ጥሩ ቦታ። አልትራሳውንድ በሌለበት ቀን የሠለጠነ የቀዶ ሐኪም በትከሻ በኩል በደህና ሊሠራ ይችላል። ሁሉ ካልተሟላ ምንም አይጀመርም የሚለው ሰበብ በዚህ ይወድቃል።

ለዚያች በሽተኛ የሚስማማው የሚለው ቃል ግን መታሰብ አለበት። የቀኝ ጡት ካንሰር ላለባት እናት ፖርቱ በግራ ይሆናል፣ መንገዱ ቢጠማዘዝም። ጨረር የሚያርፍበት ቦታ ላይ አይቀበርም። ሌላም አለ፤ የውጭ መመሪያዎች ፖርቱ የጡት መያዣ ማንገቻ ወይም የመኪና ቀበቶ ሥር እንዳይውል ይመክራሉ። የእኛ አገር ሴት ልጇን በአንቀልባ ታዝላለች፤ ውሃም እንጨትም በገመድ ትሸከማለች። ገመዱ ደረቷ ላይ የሚያልፍበትን መስመር ሳይጠይቅ ከበሮውን የሚቀብር ሐኪም፣ በሁለተኛው ወር ቆዳዋ ሲቆስል ያየዋል። ይህን ማንም የውጭ መጽሐፍ አይጽፍልንም።

■ የኩላሊት ሕሙማን ማስጠንቀቂያ

ዛሬ በዘውዲቱ የኩላሊት እጥበት ክፍል አለ። እጥበት የሚያደርግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከማሽኑ ጋር ይገናኛል። ለእሱ ከሁሉ የሚሻለው ክንዱ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ ተገናኝተው የሚሠራ ፊስቱላ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1966 ካሳተሙ ወዲህ የተሻለ አልመጣም።

ፊስቱላ ግን ጤነኛ ደም ሥር ይፈልጋል። በኮሌታ አጥንት ሥር ቱቦ ገብቶለት የነበረ ሰው ያ ደም ሥር ብዙ ጊዜ ይጠብበታል። ከጠበበ የዚያ ወገን ክንድ ለፊስቱላ አይሆንም። ማለትም በአንድ አስቸኳይ ሌሊት የተወሰነ ውሳኔ የሰውየውን የብዙ ዓመት ሕይወት ይወስናል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም መጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል፤ በዚያም ሥራ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ ያ ፖርት የተወለደበት ዩኒቨርሲቲ፣ አጋር ነበር። ንቅለ ተከላ እስኪደርስ ግን ሰውየው በደም ሥሩ ነው የሚኖረው። በዓለም ዙሪያ የኩላሊት ሐኪሞች «እጁን አድኑለት» እያሉ የሚለምኑት ለዚህ ነው።

ካንሰርና ኩላሊት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ደም ሥር ላይ ግን አንድ ሕግ አላቸው፤ መጀመሪያ ያልተቆጠበ በኋላ አይገኝም። የአበሻ እናት መጥኖ መደቆስ የምትለው ይህንኑ ነው።

■ የሚነሳው ተቃውሞ

እዚህ ላይ ትክክለኛ ተቃውሞ አለ። መሠረታዊው የኬሞ መድኃኒት በሚጠፋበት አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ፖርት ማሰብ ቅንጦት አይደለም ወይ? ጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ሆኖ ቆየ። በሽተኛው ወራት ወረፋ በሚጠብቅበት ሥርዓት ውስጥ ስለ ከበሮ ማውራት ምን ይጠቅማል?

ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ፖርት ለሁሉም አያስፈልግም። አጭር ሕክምና፣ ጥሩ ደም ሥርና የማያቃጥል መድኃኒት ላለው ሰው የእጅ ካኑላ ይበቃዋል። በስንፍና ለሁሉ የሚገባ ፖርት የራሱ አደጋ አለው፤ ያመረቅዛል፣ ደም ይረጋበታል። በየጊዜው ካልታጠበ ሊደፈን ይችላል።

ግማሹ ግን ስህተት ነው። የፈሰሰ «ቀይ» መድኃኒት ያቆሰለውን እጅ ማከምም ወጪ አለው። ደም ሥር ስላልተገኘ ያለፈ ዙርም ወጪ አለው፤ ያለፈው ዙር ለዕጢው ጊዜ ይሰጠዋል። በብዙ ችግር ተገዝቶ የገባ መድኃኒት በመጨረሻዋ አንድ ስንዝር መንገድ አጥቶ ሲቆም፣ ቆጠብን ማለት አይቻልም።

■ የካዛንቺስ መንገድ

አዲስ አበባ ይህን በራሷ ገላ ላይ አይታዋለች። ለዓመታት አስፋልት ይነጠፋል፤ በወሩ ቴሌ ይቆፍራል፤ በሁለተኛው ወር ውሃ ይቆፍራል፤ ከዚያ መብራት ኃይል። መንገዱ ተጣጥፎ ይቀራል። በ2017 ዓ.ም ነባሩ ካዛንቺስ ሲፈርስና ሲሠራ፣ ስለ ነዋሪዎቹ መነሳት ብዙ ተብሏል፤ ገና ብዙ ይባላል። በምሕንድስናው በኩል ግን አንድ ሐሳብ ተይዟል፤ መስመሮቹ መሬት ሥር አስቀድመው ይቀበሩ፣ አስፋልቱ በየጊዜው አይቆፈር። ለመንገድ የገባን ነገር ለሰው እጅ አልገባንም።

ለሰው እጅ ቢገባን ምን ይደረጋል? አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም።

በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ኬሞ ሳይታዘዝ፣ አንድ የሠለጠነ ነርስ የበሽተኛውን ሁለት ክንድ ይይ። ስንት ዙር ነው? መድኃኒቱ ያቃጥላል? አንዱ ክንድ ተከልክሏል? ኩላሊቱ እንዴት ነው? ይህ በካርዱ ላይ ይጻፍ። ለደም ምርመራ የሚወጋው ቦታና ለኬሞ የሚጠበቀው ቦታ ይለይ። «ደም ሥር የሚያገኘው» ባለሙያ ሌላው ሁሉ ወግቶ ካበላሸ በኋላ ሳይሆን መጀመሪያ ይጠራ፤ እውቀቱንም ለሌሎች ያስተምር።

ቀጥሎ፣ ፖርት በእውነት የሚያስፈልጋቸው ይለዩ፤ ለዓመታት የሚታከሙ ሕፃናት፣ አንድ እጅ ብቻ የቀራቸው፣ ደም ሥራቸው ያለቀ። ጥቂት ቡድኖች በጥቂት ሆስፒታሎች በአንድ ዘዴ በደንብ ይሠልጥኑ። ከሚላኑ ጥናት የምንወስደውም ይህንኑ ነው፤ ከቦታው ይልቅ የተካነ እጅ።

በመጨረሻም ጤና ጣቢያው። ከደሴ ወይም ከጎንደር መጥታ አዲስ አበባ ፖርት የተገባላት ሴት፣ ቱቦውን ለማሳጠብ ብቻ በየወሩ አውቶቡስ መሳፈር ካለባት ትቀራለች። ፖርቱ ይደፈናል። ጥፋቱም የእሷ ተደርጎ ይወራል። ስለዚህ ፖርት የት ይቀበር የሚለው ጥያቄ ውስጥ፣ የሚያጥብላት ነርስ የት ትገኛለች የሚለውም አለ። ይህ ለአገራችን አዲስ ሥራ አይደለም። የኤች አይ ቪ ሕክምና ከዘውዲቱና ከመሰሎቹ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ «አይቻልም» ያሉ ነበሩ። ተቻለ። ልዩ መርፌ፣ ንጹሕ ጨዋማ ውሃና የጥቂት ቀን ሥልጠና የያዘች የጤና ጣቢያ ነርስ ከዚያ የከበደ ነገር አትጠየቅም።

እስከዚያው ግን ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል አንድ ነገር አለ። ቂርቆስ ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ ካኑላ የያዘ ባለሙያ ጓንቱን ከማሰሩ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ማዘር፣ ገና ስንት ጊዜ ይመጣሉ?» መልሱ «ዛሬ ብቻ» ከሆነ ባገኘው ይውጋ። መልሱ «ስምንት ዙር ነው የተባልኩት» ከሆነ ግን እጁን መለስ አድርጎ፣ ሁለቱንም ክንድ አይቶ፣ ያስብበት።